ከምስማሩ በላይ አራት ጣት

በቤቴ በር መቃን ላይ፣ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ወፍራም የሐዲድ ምስማር ተመትቷል። ዝገቱ እንጨቱ ላይ እንደ እንባ ወርዷል። ምንም አልሰቅልበትም። ትናንት ቦርሳሽን ልታንጠለጥዪበት እጅሽን ስትዘረጊ «ተይው!» ብዬ የጮህኩብሽ ለዚህ ነው። «ይቅርታ እትዬ፣ አላወቅኩም» አልሽኝ፤ ፊትሽም ተለወጠ። አንቺ ምን ጥፋት አለብሽ? ምስማር ያየ ሰው ይሰቅልበታል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያ ሽታ መጣ። አንቺ የባሕሩ መስሎሽ ይሆናል። ባሕሩ ሲሸሽ የሚሸተው ሌላ ነው፤ ዓሣና ዝቃጭ ነው። ይኼኛው የራሰ አፈር ነው። እዚህ ከተማ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ እንደ አዲስ ቆርቆሮ እያብረቀረቀ፣ ከተራራው በኩል ነፋሱ የራሰ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል። ያኔ ነው አምቡሊን መፍራት። አምቡሊ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። ውሃው ሲመጣ ግን ዝናቡ ሩቅ ዘንቦ ያለቀ ነውና ማንንም ሳያስጠነቅቅ ይደርሳል።

አንቺ ከቀናት በኋላ ትሄጃለሽ። ሳትሄጂ የምስማሩን ነገር ልንገርሽ።

እኔም እንዳንቺው ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ነበር የመጣሁት። ከድሬዳዋ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ ፌስታል ልብስና አንድ ውዳሴ ማርያም ይዤ። ጀልባዎቹ እስከሚነሱበት እስከ ኦቦክ ድረስ ሄጄ ባሕሩን አየሁት። ጀልባዋንም አየኋት፤ በላይዋ የተደራረቡትንም አየሁ። ሳልሳፈር ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ። እግዚአብሔር አንዳንዱን በድፍረቱ፣ አንዳንዱን በፍርሃቱ ያተርፈዋል። ወደ ቤቴ መመለስ ደግሞ አሳፈረኝ፤ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዓረብ አገር ገባች» ብላ ጨርሳለች።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጬ ሳለቅስ አንዲት ባልቴት መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የድሬዳዋ።»

«ድሬዳዋ ሰው አይወልድም። የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አያውቁትም፤ ግን የሚያውቁት ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁና «ተነሽ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አሉኝ። ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። እማማ አልኳቸው፤ ልጄ አሉኝ። እንዲያው በዚህ አለቀ።

ቤታቸው ካርቲየ 4 በሚሉት ዝቅ ያለ ሰፈር ነበር። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሚስት ሆነው በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸውንም እዚሁ ቀብረው፣ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። የቤታቸው በር አጭር ነበር። ማንም ቢሆን ጎንበስ ሳይል አይገባም። «የእኔ ቤት ሳይሰግዱ አይገቡበትም፤ ጳጳስም ቢመጣ» እያሉ ይስቁ ነበር። መጀመሪያ የድሮ ሰው አጭር ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ በሩ አላጠረም፣ ወለሉ ነው ያደገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ሦስት ጊዜ ጎርፍ ቤቱ ገብቷል። ውሃው በጎደለ ማግስት፣ ጭቃው መቃኑ ላይ መስመር ያሰመረበት ቦታ ላይ አንድ የሐዲድ ምስማር ይመቱ ነበር። ሦስት ጎርፍ፣ ሦስት ምስማር። ከዚያ ወለሉን በገረጋንቲ ሞልተው ሲሚንቶ ያለብሱታል፣ ሌላ ጊዜ እንዳይደርስብን ብለው። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ምስማሮቹ ወደ ታች የወረዱ መሰሉ። ሁለቱ ሲሚንቶው ውስጥ ተቀበሩ። ሦስተኛው፣ ከመንገዱ ሲለካ የሰው ወገብ ጋ የሆነው፣ እኔ ስደርስ ከወለሉ ጉልበቴ ጋ ነበር። እማማ ቤቱን ሲጠርጉ በመጥረጊያው እጀታ ነካ ያደርጉትና «እንዴት አደርክ?» ይሉታል። ባላቸውን ነው።

አንድ ዓመት ያህል ከእሳቸው ጋር ከኖርኩ በኋላ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የአገሩ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ኢንጂነር ነው። የጎርፉን ታሪክ የሚያጠናና ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቤቶች የሚለይ ሥራ ተሰጥቶታል። ሐበሾቹ ቤት ሲያንኳኳ ማንም አልከፍት አለው፤ ፖሊስ መስሏቸው። አማርኛ የምትጽፍ፣ ሶማልኛም የምትሰማ ሰው ይፈልጋል። እማማ ከኋላዬ ገፉኝ። «ይቺውና» አሉ፣ በሶማልኛ፣ ከእኔ በተሻለ ሶማልኛ።

ሥራው ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ነበር። ከዚያ በኋላ ጫቱ ይገባል፣ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ጎርፍ የሚያወራሽ ወንድ አታገኚም። ሜትርና ቀይ ጠመኔ ሰጠኝ፤ ጥያቄዎቹ የተጻፉበት ወረቀትም ነበር። ውሃው እስከ የት ደረሰ? ስንት ሰዓት ቆየ? በየት በኩል መጣ? ወዴት ሸሻችሁ? በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። «ወላል» ይለኛል፣ እህቴ ለማለት፤ «ወላል፣ ሁልጊዜ ከመንገዱ ለኪ። ከወለሉ አትለኪ። ሰው ወለሉን ያነሳል፤ ወለል ይዋሻል።»

ደስ ይለኝ ነበር። ሰዉ ጎርፉን በዓመት አይቆጥርም። «የበኩር ልጄን ባጠባሁበት»፣ «ባቡሩ ሦስት ቀን ዘግይቶ በገባበት»፣ «ያ ሰካራም በር ላይ ተንሳፍፎ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነኝ ባለበት»። ኢንጂነሩ ጸጉሩን ይይዛል። «ዓመት አምጪልኝ! ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ሰካራሙስ?» አንዳንዶቹ ደግሞ ዓመቱን በእርግጠኝነት ይነግሩኛል፤ እኔም እጽፋለሁ። ወር ሙሉ ከሠራን በኋላ ሰንጠረዡን ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«የእናንተ ሰዎች ቤት ብቻ ጎርፉ በሰባት ዓመት ቀድሞ ይገባል?»

በእኛ አቆጣጠር የነገሩኝን እንዳለ ጽፌለታለሁ። አንዱን ጎርፍ ሁለት አድርገነዋል። እስኪያነባ ሳቀ፤ እኔ አፍሬ መሬት አየሁ። «ምንም አይደል ወላል፤ አንዱን ሰረዝን ማለት አንድ ጎርፍ አዳንን ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ ነገሩ መረረ። ካርታው ላይ ቤቶቹ ቀለም ይቀቡ ጀመር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀይ የተቀባ ቤት ይፈርሳል፣ ሰዎቹ ባልባላ፣ ከከተማው ወዲያ ኮረብታው ላይ፣ ሌላ ቤት ይሰጣቸዋል የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ነበር። የእማማ ቤት ገና አልተለካም፤ ለመጨረሻ አስቀርቼው ነበር።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አሸዋ ይዞ ቆርቆሮውን እየቧጠጠ፣ እማማ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠ ነበር።

«የእኔን መቼ ነው?» አሉኝ።

«ነገ።»

እግራቸውን ማሸት ተዉ። ከዚያ «ደወሉን ከዚህ እሰማዋለሁ» አሉ። «ለኪዳን ሲመታ ተነስቼ እሄዳለሁ። እግሬ እንቢ ያለኝ ቀን እዚሁ ተኝቼ አብሬ እቆማለሁ። ባልባላ ማን ያሰማኛል? በዚህ ጉልበቴ ሚኒባስ ተጋፍቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምደርስ?»

«እማማ፣ ጎርፉ ቢመጣስ?»

«ጎርፉ ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስት ጊዜ ሄደ። እኔ አለሁ።» ከዚያ እጃቸውን ወለሉ ላይ ጣል አደረጉ። «ዋሺልኝ አልልሽም፤ በጾም አላሳስትሽም። እዚች ላይ ቁሚና ለኪው። ሜትሩ ያለውን ጻፊ። ሜትር አይዋሽ።»

ለካሁት። ከወለሉ። ከጉልበቴ አላለፈም፤ ሜትሩ ያለውን ጻፍኩ። አንዲት ፊደል አልዋሸሁም። ሳምንት ሳይሞላ የእማማ ቤት ቢጫ ተቀባ። ለፍልሰታ ማጠቃለያ ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቆረብኩም። ለምን እንዳልቆረብኩ እማማ አልጠየቁኝም። ያውቃሉ።

ከመስከረም በኋላ ኢንጂነሩ ሥራውን ሊዘጋ አንዳንድ ቤት ራሱ ሊያይ ተነሳ። የእማማን ሰፈር ይዘን ስንዞር በራሱ ፈቃድ እሳቸው ቤት ጎራ አለ፤ ስለ እኔ ሊያመሰግናቸው ነው። ረጅም ሰው ነው። ሊገባ ሲል ግንባሩ ከጉበኑ ጋር ተላተመ። እማማ ከት ብለው ሳቁ፣ «ስገድ ብያለሁ!» አሉት። እሱም እየሳቀ፣ ግንባሩን እያሸ ተቀመጠ። ውሃ ቀዱለት።

ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። በሩን አየ። መቃኑን አየ። ጉልበቱ አጠገብ ያለውን ምስማር በጣቱ ነካው። ተነሳና ወጣ፤ ከመንገዱ ላይ ቆሞ ቤቱን ተመለከተና ጎንበስ ብሎ ተመልሶ ገባ።

«ሆዮ» አላቸው በቋንቋው፣ እናቴ ለማለት፤ «ይኼ ወለል ተነስቷል?»

«ከተሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉት። ከማሰሮው ለእኔም ውሃ እየቀዱ ነበር።

ወደ እኔ ዞረ። «ወላል፣ አንቺ ነሽ የለካሽው። ከየት ነው የለካሽው?»

ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ አንድ ክንፉ ታጥፎ ስለነበር በየዙሩ ጠቅ ይል ነበር። ጠቅታውን እቆጥር ነበር። እማማ አላዩኝም፤ ብርጭቆውን ነው የሚያዩት። ወለሉን ብቻ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ግን በገዛ እጄ ስለሠራሁት ጠየቀኝ።

«ከወለሉ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ ነው የተነሳው?»

«ሦስት ጊዜ።»

አልተቆጣም። ወረቀቱን አውጥቶ ጻፈ፤ ብዕሩ ሲጭር ይሰማል። ለእማማ እጅ ነስቶ ወጣ። እማማ የቀዱትን ብርጭቆ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ይጠጡ» አሉኝ።

ኢንጂነሩ የተመለሰ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

«ይጠጡ እንጂ። ደክመዋል» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ አሉኝ። «ልጄ»ም፣ «አንቺ»ም ጠፋ። ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ እንደምን አደሩ። እኔን፣ የሃያ ዓመት ልጅ! ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፤ ቢመቱኝም እግራቸው ሥር እወድቅ ነበር። እንግዳ የሆንኩበት ቤት ውስጥ ግን ምን ላይ እወድቃለሁ? የገበያ ሴቶች ጉድ አሉ። «እማማ፣ ይቺን ጩጬ ነው አንቱ የሚሉት?» «ትልቅ ሰው ናቸው» ይላሉ፣ «ቤት ያስነሳሉ።»

ቤቱ ቀይ ተቀባ፤ ኅዳር ላይ ካሚዮኑ መጣ። እማማ የባላቸውን ጉጠት አውጥተው ምስማሩን ከመቃኑ ነቀሉት። ላግዛቸው ብል «ተዉት፣ እጅዎ ይቆሽሻል» አሉኝ። በነጠላቸው ጠርዝ ቋጥረው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ካሚዮኑ ሲነሳ ወደ ኋላ አላዩም።

ካርቲየ 3 አንድ ክፍል ተከራየሁ። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ይዤ፣ በሚኒባስ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ወደ ባልባላ እወጣ ነበር። እማማ በር ላይ ተቀብለውኝ «ያኑሩት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ከዚያ ቤት የሚሰማው ነፋስና የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ብቻ ነበር። አብረዋቸው የተነሱት ጎረቤቶች ደግሞ ከሚኒባሱ ስወርድ «ውሃ ነጋሪዋ መጣች! ዣንጥላ አውጡ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ዓመት አለፈ። ደረቅ። ሁለተኛውም ደረቅ። አምቡሊ ላይ ልጆቹ ኳሳቸውን ይራገጣሉ።

አንድ ቀን ሰማዩን እያየሁ ራሴን ያዝኩት። ይምጣ እያልኩ ነበር። ሰው የሚወስደውን ውሃ፣ እውነት መናገሬን እንዲመሰክርልኝ እመኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ይኼን ስናገር ከዋሸሁት በላይ ፈራሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ውሃው መጣ። እኔ ያለሁበት ሰፈር ከፍ ይላል፤ ሰገነት ላይ ወጥተን አየነው። ድምፁ የውሃ አይመስልም፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያጉረመርም ይመስላል። በርሜል፣ በር፣ ፍየል፣ የሕፃን ጫማ አለፈ። አልጸለይኩም ብልሽ ታምኚኛለሽ? የተመኘሁት ነውና ምን ብዬ እጸልያለሁ?

ከሰዓት በኋላ ሲጎድል ወደ ካርቲየ 4 ወረድኩ፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ቦታ ነጠቀኝ። የእማማ ቤት አልፈረሰም ነበር፤ ቆርቆሮውንና ሳንቃውን ሰው ወስዶት መቃኑና ግድግዳው ብቻ ቆመው ቀርተው ነበር። አሁን ደግሞ የጓዳው ግድግዳ ተገፍቶ ወድቋል፤ ልክ ምንጣፋቸው ይነጠፍበት የነበረው ላይ። መቃኑ ላይ ጭቃው መስመር አስምሯል። የተነቀለው ምስማር ቀዳዳ ከመስመሩ በታች ነበር። ጣቴን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ወደ ላይ ለካሁ። አራት ጣት።

ሚኒባስ አልነበረም። በእግሬ ዳገቱን ወጣሁ። ባልባላ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ማንም ዣንጥላ አላለም፤ ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው እንደማልፍ ብቻ ያዩኛል። እማማ ደጃቸው ላይ፣ በርጩማ ላይ ነበሩ። ከእግሬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። እስከ ጭኔ ጭቃ ነኝ።

«እስከ የት ደረሰ?» አሉኝ።

«ከምስማሩ በላይ አራት ጣት።»

«ከወለሉ ነው ከመንገዱ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት አለቀስኩ። «ከመንገዱ እማማ። ወገቤን ያልፋል።» ስለ ጓዳው ግድግዳ አልነገርኳቸውም፤ ግን ፊቴ ላይ ያነበቡት ይመስለኛል። ረጅም ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ከተማው ተመለከቱ። ከዚያ ተነስተው ገቡ፤ ምስማሩንና የባላቸውን መዶሻ ይዘው ወጡ። የአዲሱን ቤት መቃን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ቁሚ እስቲ» አሉኝ። «እዚህ ጋ፣ ቀጥ ብለሽ።»

ቁሚ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ቃል ነው። መቃኑን ተደግፌ ቆምኩ። ወገቤን በጣታቸው ፈለጉ፣ አራት ጣት ቆጠሩ፣ ምስማሩን ደገኑ። ሦስቴ መትተው ደከማቸው፤ መዶሻውን ሰጡኝ። የቀረውን እኔ መታሁት። ውሃ ሊደርስ በማይችልበት ኮረብታ ላይ የጎርፍ ምልክት! አላፊ አግዳሚ ቢያየን ያበድን ይመስለው ነበር።

«በይ ግቢ፣ እግርሽን ታጠቢ» አሉኝ። «ጭቃውን ቤቴ ታስገቢብኛለሽ።»

ከዚያ በኋላ አብሬያቸው ኖርኩ፤ እዚሁ፣ አንቺ በተኛሽበት ቤት። ምስጋናም ይቅርታም አልተባባልንም። ደወሉን ግን አልመለስኩላቸውም፤ ይኼ ይቆጨኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወደ እሳቸው ስልክ ደውዬ፣ ደወሉ ሲመታ የእኔን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ እይዘው ነበር። «እንደ ጣሳ ነው የሚሰማው» ይሉኛል ስመለስ። ሆኖም ለኪዳን ሰዓት ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቀድመው ይጠብቁ ነበር። ያረፉ ቀንም ስልኩ ትራሳቸው ሥር ነበር።

ይኸው ነው የምስማሩ ነገር። አሁን ሰፈሩ እትዬ ይለኛል፤ ባለ ቡቲኩም፣ የሚኒባሱ ረዳትም እርስዎ ይሉኛል። አንቺም። ደግ ነው፣ ጨዋ አስተዳደግ ነው። «አንቺ» የሚለኝ ሰው ግን እዚህ አገር አልቀረም። እናቴም አርፋለች።

እንደ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣ፣ ሰው ሳያየኝ፣ መቃኑን ተደግፌ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ምስማሩ አሁንም ከወገቤ አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው፤ አላጠርኩም፣ አላደግኩም። የሚለካኝ ብቻ ነው የጠፋ።